ሕመሙ ከቆመ በኋላ፤ የጥርስ ሥር ሕክምናን ስለ መረዳት



ወደ ጥርስ ሐኪም የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ነው። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ከወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጥርሱ እንዲነቀልለት ነው። ሐኪሙ መርምሮና ራጅ አስነሥቶ ጥርሱ ሊድን እንደሚችል፣ ነገር ግን ሥሩ መታከም እንደሚገባው ሲነግረው፣ በሽተኛው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «ሥሩ» ሲባል መንቀል ይመስለዋል። «ነርቩ ይወጣል» ሲባል ከጭንቅላቱ ጋር የተያያዘ አንድ ረጅም ጅማት የሚመዘዝ ይመስለዋል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመላለስ ሲባል ደግሞ ገንዘቡ የተፈለገ ይመስለዋል። ሐኪሙም ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለና በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረድቶ ወደ ሥራው ይገባል።

የዚህ ንግግር ዓላማ በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ሳይነገር የሚቀረውን ማንሣት ነው። የጥርስ ሥር ሕክምና ከመንቀልና ከተራ ሙሌት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። መንቀል በአንድ ቀን ያልቃል፤ በሽተኛው ተረዳውም አልተረዳውም ጥርሱ ወጥቷል። የሥር ሕክምና ግን በሽተኛው ራሱ ተመልሶ ካልመጣ አይፈጸምም። ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያደርገው ደግሞ በጣም የተመኘው ነገር፣ ማለትም የሕመሙ መቆም ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከጥርሱ አፈጣጠር መነሣት ያስፈልጋል። ጥርስ ከውጭ ሲታይ እንደ ድንጋይ ሕይወት የሌለው ይመስላል። ኤናሜል የሚባለው የላይኛው ልባስ በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው። ከእርሱ ሥር ዴንቲን የሚባለው፣ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ክፍል ይገኛል። ከዚያም ወደ ውስጥ ሲገባ አንድ ትንሽ ክፍት ቦታ አለ። በዚህ ቦታ የሚገኘው ለስላሳ ሥጋ፣ ሐኪሞች ፐልፕ፣ ተራው ሰው በልማድ «ነርቭ» የሚለው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ነርቭ ብቻ አይደለም፤ የደም ሥርም፣ ዴንቲንን የሚሠሩ ሕዋሳትም በውስጡ ይገኛሉ። ይህ ሥጋ ከጥርሱ አናት ተነሥቶ በጠባብ ቦዮች በኩል እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርድና፣ ስፋቷ ከአንድ ሚሊሜትር በታች በሆነች ቀዳዳ ከመንጋጋ አጥንት ጋር ይገናኛል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ብቻ አለው። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ሦስት ወይም አራት፣ የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ሥሮቹ ሦስት ሲሆኑ ብዙ ጊዜ አራት ቦዮች አሉት። አንዱ በሽተኛ በአንድ ቀን ሲጨርስ ሌላው ለምን እንደሚመላለስ፣ የአንዱ ዋጋ ከሌላው ለምን እንደሚበልጥ ለሚጠይቅ ሰው የመልሱ ትልቁ ክፍል በእነዚህ ቦዮች ቍጥርና ጠመዝማዛነት ላይ ይገኛል።

ጣት ቢቆስል ያብጣል፤ ለማበጥም ቦታ አለው። የጥርስ ውስጠኛ ሥጋ ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ስለ ሆነ ሲቈጣ የሚያብጥበት ስፍራ የለውም። ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል። የጥርስ ሕመም ከቍስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን እስኪመስል ድረስ የሚበረታው ለዚህ ነው። በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ለቅጽበት ቆንጠጥ አድርጎ ይተዋል፤ በዚህ ጊዜ ጥርሱን ቦርቡሮ መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቀጥሎ ቅዝቃዜው ከሄደ በኋላም ሕመሙ ይቆያል፤ ትኩስ ሻይ መጠጣት ያስቸግራል፤ ከዚያም ምንም ሳይነካው ከራሱ ይነሣል፤ ሰውየው ጋደም ሲል ይብስበታል። ወደዚህ ደረጃ የደረሰ ሥጋ በአብዛኛው ወደ ጤንነቱ አይመለስም። ጥርስ ማታ ማታ የሚብሰው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ በሽተኛ፣ ሳያውቀው ለሐኪሙ ግማሹን ምርመራ ሠርቶለታል።

ለመሆኑ ይህን ሥጋ የሚያቈጣው ምንድን ነው? በአማርኛ ጥርስ «ተበላ» ይባላል። የሚበላው ትል ነው የሚለው እምነት በጥንቱ ባቢሎንም፣ በአውሮጳም፣ በኢትዮጵያም የነበረ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ የእምቧይ ፍሬ እያጨሱ ጢሱን ወደ አፍ ማስገባት የታወቀ መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል። በአውሮጳም የሌላ መርዛማ ተክል ዘር እየተጨሰ፣ በሙቀቱ ከዘሩ ፈንድተው የሚወጡት ነጫጭ ቡቃያዎች ከጥርስ የወደቁ ትሎች ናቸው ይባል ነበር። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) የትሉን ነገር ተቃወመ። ይሁን እንጂ የጥንት ሰዎች አንድ ሕይወት ያለው ነገር ጥርሱን ይበላዋል ማለታቸው ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። የተሳሳቱት በመጠኑ ነው። ጥርስን የሚያፈርሰው በዐይን የማይታይ ባክቴርያ ከስኳርና ከዱቄት ምግብ የሚሠራው አሲድ ነው።

በዚህ ረገድ በ1965 ካካሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጄራልድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። የአይጦችን መንጋጋ ጥርስ ሰርስረው ውስጠኛውን ሥጋ ገልጠው ተዉት። ከአይጦቹ ከፊሎቹ እንደ ማንኛውም አይጥ የሚኖሩ ነበሩ፤ ከፊሎቹ ግን ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ረቂቅ ተሕዋስያን በሌሉበት ስፍራ ያደጉ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ጥርሱ ውስጥ ያለው ሥጋ ሞተ፤ መግልም ቋጠረ። በኋለኞቹ ግን ምግብና ፍርፋሪ በቀዳዳው እየገባበት እንኳ ሥጋው በሕይወት ቆየ፤ ከቍስሉም ላይ አዲስ ዴንቲን ሠርቶ ራሱን ከደነ። ቀዳዳው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ባክቴርያ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነው። ዛሬ በጥርስ ሥር ሕክምና የሚደረገው ነገር ሁሉ፣ የላስቲኩ ሉህ፣ ማጠቢያው፣ ሙሌቱ፣ ሽፋኑ ሳይቀር፣ ባክቴርያን ለማስወጣትና ተመልሶ እንዳይገባ በሩን ለመዝጋት የሚደረግ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሕመሙ መቆም እንመለስ። የተቈጣው ሥጋ ሕክምና ካላገኘ ይሞታል፤ ሲሞትም ነርቩ አብሮ ይሞታልና ሕመሙ ጸጥ ይላል። ሳምንት ሙሉ ሲሰቃይ የነበረ ሰው አንድ ቀን በሰላም ተኝቶ ያድራል። በጥርሱ ላይ ቅርንፉድ ይዞ ከነበረ ቅርንፉዱ፣ ከመድኃኒት ቤት እንክብል ገዝቶ ከነበረ እንክብሉ፣ ጠበል ጠጥቶ ከነበረ ጠበሉ አዳነው ይባላል። በዚያው ሰዓት ግን ባክቴርያው ደም በማይደርስበት ባዶ ቦይ ውስጥ ያለ ከልካይ እየተራባ፣ ከሥሩ ጫፍ ባለችው ቀዳዳ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት እየወጣ ነው። አጥንቱ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ በራጅም ላይ ከሥሩ ጫፍ ዙሪያ ጥቍር ጥላ ሆኖ ይታያል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምንም ላይሰማ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ድዱ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ወጥታ አልፎ አልፎ መግል ታፈስና ትጠፋለች፤ የማታም ስለ ሆነች አይጠይቅባትም። ይህች ብጉር መግሉ ለራሱ ያበጀው መውጫ ናት። መውጫ ሲያጣ ፊት ያብጣል፤ ትኩሳት ይመጣል። ከታችኛው መንጋጋ የተነሣ መግል ከምላስ ሥር ወዳለው ሥጋና ወደ አንገት ሲወርድ የመተንፈሻን መንገድ ዘግቶ ሊገድል ይችላል። ይህን ሁኔታ ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 ጽፎታል፤ በሽታውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ከአገጩ ሥር ያበጠ ሰው የሚሄደው ወደ ቀጠሮ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ስለ እንክብሉ ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል። ጥርሱን ያመመው ሰው አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ሆኗል፤ ሐኪምም ቢሆን አንዳንዴ በሽተኛውን ለማስደሰት ያዝለታል። ሆኖም በሕይወት ያለ የተቈጣ የጥርስ ሥጋን ሕመም አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም። ከሞተ በኋላ ደግሞ የደም ሥሩ ስለ ተቋረጠ መድኃኒቱ ከቦዩ ውስጥ አይደርስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የሰውነት መከላከያው ያልተዳከመ ዐዋቂ ሰው ጥርሱን መታከም እስከቻለ ድረስ በአብዛኛው እንዲህ ላለው ችግር አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ መክሯል። እብጠቱ ከተዛመተ፣ ወይም ትኩሳት ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የቅርንፉዱ ነገር ግን አይናቅም። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የሚባለው ዘይት በእርግጥ ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ ሙሌት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ያስታግሳል እንጂ ቦዩን አያጸዳም።

ሕክምናው ራሱ ሲታይ ከስሙ ይልቅ የሚያስፈራው ያነሰ ነው። ጥርሱ ይደነዝዛል። በጣም የተቈጣ ጥርስ፣ በተለይ የታችኛው መንጋጋ፣ ለማደንዘዣ ይከብዳል፤ የተቈጣ ሥጋ ወደ አሲድነት ስለሚያዘነብል መድኃኒቱ እንደ ልብ አይሠራም። ስለዚህ «አሁንም ይሰማኛል» የሚል በሽተኛ ፈሪ አይደለም፤ ሐኪሙ ጨምሮ ሊያደነዝዘው ይገባል። በሽተኛውም ችሎ ዝም ማለቱ ለማንም አይጠቅምም። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ብቻ በቀዳዳው እንዲወጣ ተደርጎ አንድ የላስቲክ ሉህ በአፍ ላይ ይዘረጋል። ይህን ሉህ ያስገኘው በ1864 ሳንፎርድ ባርነም የተባለ የኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም ነው። ብዙ በሽተኞች ያፈናቸው ይመስላቸዋል፤ በአፍንጫ መተንፈስ ግን አይከለክልም። በምራቅ ውስጥ ያለው ባክቴርያ ወደ ተከፈተው ጥርስ እንዳይገባ፣ ቀጭኗ መሣሪያም ወደ ጉሮሮ እንዳትወርድ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ጥርሱ ከአናቱ ተከፍቶ የታመመው ሥጋ ይወጣል። ሐኪሙ እንደ መርፌ በቀጠኑ ሞረዶች የቦዩን ግድግዳ ይሞርዳል። በ1838 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሜይናርድ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ የሠራው የሰዓት ሞላን ሞርዶ እንደ ነበር ይነገራል። ከ1988 ጀምሮ ኒኬልና ቲታኒየም ከተባሉ ብረቶች ቅልቅል የሚሠሩ፣ በጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ በቀላሉ የሚተጣጠፉ ሞረዶች መጥተዋል። ሞረዱ ግን ብቻውን አያጸዳም፤ ሊደርስበት የማይችል ጓዳና ማዕዘን ብዙ ነው። እዚያ የሚደርሰው ማጠቢያው ፈሳሽ ነው። ይህም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ በየቤቱ በረኪና የሚባለው ፈሳሽ ዋና ንጥረ ነገር ነው። በሽተኛው በሕክምናው ጊዜ የበረኪና ሽታ ቢሸተው አይደንግጥ፤ ቤት ውስጥ ሊሞክረው ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሞረዱ ምን ያህል ጠልቆ መግባት እንዳለበት የሚለካው በራጅና በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። አሳጥሮ ቢቀር ቆሻሻ ይተርፋል፤ አስረዝሞ ቢያልፍ አጥንቱን ይነካል። ለዚህ ሥራ ራጅን ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ የኒው ኦርሊንሱ ኤድመንድ ኬልስ ነበር። የጨረሩ ጉዳት ባልታወቀበት ዘመን ፊልሙን በእጁ ይዞ ያነሣ ስለ ነበር ጣቶቹን፣ በኋላም ክንዱን አጥቷል። የዛሬው በሽተኛ ለአንዲት ጥርስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ራጅ ሲነሣ የሚደርስበት ጨረር እጅግ አነስተኛ ነው። የጸዳው ቦይ ጉታ ፐርካ በሚባል ነገር ይሞላል። ይህም በማሌይ አገር ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ፣ ጎማ መሰል ሙጫ ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በባሕር ውስጥ የሚዘረጉት የቴሌግራፍ ሽቦዎች የሚለበጡት በእርሱ ነበር። ለጥርስ ቦይ በ1867 ከታሰበበት ወዲህ የሚያስለቅቀው አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ለሦስት ቀን ሲነክሱበት ማመሙ የተለመደ ነው። እየበረታ ከሄደ ወይም እብጠት ከመጣ ግን ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕመሙ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥጋው ሲወጣ ሥቃዩ ወዲያው ይቆማል፤ ቀዳዳው በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል፤ በሽተኛውም አመስግኖ ይሄዳል። ጊዜያዊው ሙሌት የተሠራው ለሳምንታት እንጂ ለዓመት አይደለም። እየተፈረፈረ ምራቅ ያስገባል፤ የጸዳውም ቦይ እንደ ገና ይበከላል። ሥራውን ጨርሶ ቦዩን ያስሞላውም ቢሆን ሽፋኑን ይተወዋል። ሥሩ የታከመ መንጋጋ ጥርስ አስቀድሞ በመበላቱ፣ ቀጥሎም በሕክምናው በመከፈቱ ግድግዳው ሳስቷል፤ ቆሎ ሲቆረጥምበት ይሰነጠቃል። በ2004 በአሜሪካ ከጤና መድን መዝገብ ተሰብስቦ የታተመ ጥናት ሥራቸው የታከመ 1,462,936 ጥርሶችን ተከታትሎ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ 97 በመቶው በአፍ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይቷል። ከተነቀሉት ጥቂቶች መካከል 85 በመቶው ሙሉ ሽፋን ያልተደረገላቸው ነበሩ። ሽፋን ያላገኙት ጥርሶች ከመጀመሪያውም ይበልጥ የተጎዱ ሊሆኑ ይችላሉና ቍጥሩ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ ነገር ግን በየዕለቱ በሕክምና ወንበር ላይ የሚታየውም ከዚህ አይለይም።

ሽፋኑ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሕክምና በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች የሚገኝ ከመሆኑም በላይ ወጪው ከበሽተኛው ኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ዋጋውን በየደረጃው እየቈረሰ ሳይሆን፣ ሥሩንም ሽፋኑንም ደምሮ በመጀመሪያው ቀን ሊናገር ይገባል። ሽፋኑን የማይችል በሽተኛ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ምናልባት መንቀሉን ይመርጥ ይሆናል፤ ለሥሩ ከፍሎ በዓመቱ ተሰንጥቆ ከሚነቀልበት ያ ይሻለዋል። ሁሉም ጥርስ ይድናል ማለትም ሐሰት ነው። ሥሩ በቁመቱ የተሰነጠቀ፣ ወይም ከድድ በላይ የሚያዝ አካል ያልቀረው ጥርስ መነቀል አለበት። ነገር ግን መንቀልም ነጻ አይደለም። ክፍተቱ ሲቀር ጎረቤቱ ጥርስ ወደዚያ ያዘምማል፤ ትይዩውም ከቦታው ይወጣል፤ አርቲፊሻል ጥርስ ለማስገባት የሚጠየቀውም ዋጋ ብዙ ጊዜ ካዳኑበት ይበልጣል።

አንዳንድ በሽተኛ ደግሞ ሥሩ የታከመ ጥርስ «የሞተ» ስለ ሆነ ሰውነትን ይመርዛል ሲባል ሰምቶ ይፈራል። የዚህ ወሬ ታሪክ የታወቀ ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር በ1910 በሞንትሪያል ባደረገው ንግግር የዘመኑን የጥርስ ሥራ የሰውነት በሽታ ምንጭ ነው ብሎ ወቀሰ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ነገሩን አጋነኑት፤ በዚህም ምክንያት ለብዙ ዓመታት ለቍጥር የሚያታክት ጤነኛ ጥርስ ተነቀለ። መንቀሉ በሽታዎቹን እንዳላዳነ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ስላሳዩ ሐሳቡ ተተወ። ውስጡ ሥጋ የሌለው ጥርስ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይሰማውም እንጂ ከውጭ በሥሩ ዙሪያ ባሉት ጅማቶች ከአጥንቱ ጋር በሕይወት ተያይዞ ይኖራል፤ ሲነክሱበትም ይሰማዋል።

ሽፋኑ ከተደረገ በኋላ አንድ ቀጠሮ ይቀራል። ከዓመት በኋላ ጥርሱ እንደ ገና ራጅ መነሣት አለበት። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ከሥሩ ጫፍ ዙሪያ የነበረው ጥቍር ጥላ አጥንት እየሞላው መጥፋቱ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው፤ በአንዳንዱም ሰው እስከ አራት ዓመት ድረስ ይቆያል። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጎ ለበሽተኛው ማሳየት ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም። በዚያ ቀን የሚመጣው ሰው ምንም የሚያመው ነገር የለውም፤ ስለዚህም ብዙው አይመጣም። ሐኪሙ የቀጠሮውን ወረቀት ሲሰጠው የፊተኛውን ፊልም በብርሃን ላይ አድርጎ ጥላውን በጣቱ ቢያመለክትለት የመምጣቱ ነገር ይሻሻላል።